የእግዚአብሔርን መልእክት በዕለት ኑሯችን ልብ ስለ ማለት

(በተማሮች ማኅበር የማታ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ፈተና በተቃረበበት በዚህ ሳምንት የጥናት ሰዓታችሁን ሠውታችሁ እኛን ለመስማት ስለ መጣችሁ አስቀድመን እናመሰግናለን። የተሰጠን ርእስ «የእግዚአብሔርን መልእክት በዕለት ኑሮ ልብ ማለት» የሚል ነው። እንዲህ ያለው ርእስ ለካህን እንጂ ለተማሪ የሚገባ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መልእክቱ የተላከው ለካህናት ብቻ ካልሆነ፥ ስለ አቀባበሉ ተማሪም ሊያስብበትና ሊነጋገርበት ይገባል። ስለዚህ የምንናገረው እንደ አስተማሪ ሳይሆን ከእናንተ ጋራ ባንድ ወንበር እንደሚቀመጥ ጓደኛ መሆኑን ተረድታችሁ፥ የጐደለውን በመጨረሻው የጥያቄ ጊዜ እንድትሞሉልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። መልእክት የሚለው ቃል መላክን ከሚያመለክተው የግዕዝ ሥር የወጣ ነው። መልአክ የሚለውም ከዚያው ሥር የወጣ ሲሆን ፍችው የተላከ፥ መልእክተኛ ማለት ነው። በግሪክም ቋንቋ «አንጌሎስ» የሚለው ቃል የሰማዩን መልአክም፥ ደብዳቤ ይዞ የሚሮጠውን ተራ ሰውም ያመለክታል። እንግዲህ መልእክት ባለበት ዘንድ ሦስት ወገኖች አሉ፤ የሚልክ፥ የሚላክና የሚቀበል። ስለ ላኪው ከልጅነታችን ጀምሮ ብዙ ተምረናል። ዛሬ ልንነጋገርበት የምንወደው ይበልጡን ስለ ተቀባዩ ነው። ደብዳቤ በመልካም እጅ ቢጻፍ፥ ታማኝ ሰውም ቢያደርሰው፥ ባለቤቱ ከትራሱ ሥር ከትቶ ከተኛበት እንዳልተጻፈ ይቈጠራልና።

«ልብ ማለት» የሚለውም አነጋገር ሊጤን የሚገባው ነው። አማርኛችን መስማትን ከጆሮ አንሥቶ ለልብ ሰጥቶታል። ጆሮ የሰማውን ሁሉ ልብ አይለውም፤ ልብ ያላለውንም እጅ አይሠራውም። ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን ሳለ፥ የምትወደውን ለምን በተባለ ጊዜ፥ ብልጥግናን ወይም ረጅም ዕድሜን ሳይሆን ሕዝቡን በቅን ለመፍረድ የሚያስችለውን ልቡና እንደ ለመነ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። የዕብራይስጡ ቃል በቀጥታ ሲፈታ «የሚሰማ ልብ» ማለት ነው። የሰሎሞን ልመናና የእናቶቻችን «ልብ በል ልጄ» የሚለው ምክር ባንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ነገር በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይታያል። አንደኛው ወገን መልእክትን የሚጠብቀው ከሰማይ ብቻ ነው። ሕልም ያያል፥ ሕልም ያስፈታል፤ በየት የትምህርት ክፍል እንደሚመደብ፥ ማንን እንደሚያገባ፥ ፈተናውን ያልፍ እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ፍለጋ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ይዞራል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት ቀምሰናልና እንዲህ ያለው ነገር ለእናቶቻችን ይቅር ይላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፥ ይሳለማል፥ ይመለሳል፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ዛሬ የሚነግረው ነገር ይኖራል ብሎ አይጠብቅም። እነዚህ ሁለቱ የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ ባንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ተራውን ቀን ባዶ አድርገው ያዩታል። አንደኛው መልእክቱ ከተራው ቀን ውጭ ነው ይላል፤ ሁለተኛው መልእክት የለም ይላል። ሰኞና ማክሰኞ ግን በሁለቱም ዘንድ ሳይሰሙ ያልፋሉ።

በበኩላችን የምንለው በአጭሩ ይህ ነው። የእግዚአብሔር መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በተለመደው ቀን፥ በተለመደው ሰው አፍ ነው፤ የሚታወቀውም በሚያስደንቀን ነገር ሳይሆን ዛሬ እንድናደርገው በሚጠይቀን ነገር ነው። ይህን አሳብ ከራሳችን አላመጣነውም፤ ሁላችንም በልጅነታችን የሰማናቸውን ታሪኮች ረጋ ብለን ብንመረምር የምናገኘው እርሱኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ብላቴናውን ሳሙኤልን እንውሰድ። በዚያ ዘመን የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ እንደ ነበረ፥ ራእይም እንዳልተዘወተረ መጽሐፉ አስቀድሞ ይነግረናል። ሳሙኤል በመቅደስ ተኝቶ ሳለ በስሙ ተጠራ። ድምፁን ሰምቶ ወዴት ሄደ? ወደ መምህሩ ወደ ዔሊ ሮጠ። ሦስት ጊዜ ተጠራ፥ ሦስት ጊዜም ወደ ዔሊ ሮጠ። ይህን ስናነብ ሳሙኤል ተሳሳተ ብለን እናልፋለን። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የእግዚአብሔር ድምፅ ለብላቴናው የመሰለው የነጐድጓድ ድምፅ ሳይሆን በየቀኑ የሚሰማው የሽማግሌው ድምፅ ነበረ። ሽማግሌው ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ነው፤ ምናልባት ውሃ ፈልጎ፥ ምናልባት ልብሱ ወድቆበት ይጠራ ይሆናል። ሳሙኤል በሌሊት ለሽማግሌ ጥሪ መነሣትን የለመደ ልጅ ስለ ነበረ ለእግዚአብሔርም ጥሪ ተነሣ። «ሽማግሌው ደግሞ ጠራኝ፥ እስኪነጋ ይቈየው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ልጅ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በዚያው ባለቀ ነበር።

ሁለተኛም፥ ሳሙኤል ድምፁን ለይቶ ያወቀው በራሱ ብልኃት አይደለም። ማን እንደ ጠራው የተገነዘበው ዔሊ ነው። ዳግመኛ ብትጠራ ለመስማት ዝግጁ ነኝና ተናገር ብለህ መልስ ብሎ ያስተማረውም ዔሊ ነው። ሦስተኛውም ከሁሉ ይከብዳል። ሳሙኤል የተነገረው መልእክት በዚያው በመምህሩ ቤት ላይ የሚመጣ ፍርድ ነበረ፤ ልጆቹ ሲበድሉ እያወቀ አልከለከላቸውምና። ብላቴናው እስኪነጋ ድረስ ተኛ፤ ሲነጋም ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ልጅ ወደ አደባባይ ወጥቶ አልጮኸም፤ ነቢይ ሆኛለሁ አላለም፤ የየዕለት ሥራውን ሠራ። መልእክቱን ለመናገር ፈርቶ ነበር፤ በተጠየቀ ጊዜ ግን አንዲት ቃል ሳያስቀር ተናገረ። ዔሊም አልተቈጣም፤ ያለው እግዚአብሔር ነውና የወደደውን ያድርግ ብሎ ተቀበለ።

ክቡራን መምህራኖቻችን፥ በድፍረት አይቈጠርብንና ይህ ታሪክ ለእናንተም ለእኛም ብዙ ነገር አለው። ተማሪው የመምህሩን ምክር ባያገኝ ኖሮ ድምፁን አይለይም ነበረ፤ መምህሩም መራራውን ቃል ከተማሪው አፍ ለመስማት ባይፈቅድ ኖሮ መልእክቱ በብላቴናው ደረት ውስጥ ታፍኖ በቀረ ነበረ። መልእክት በትልቅና በትንሽ መካከል የሚመላለስ ነገር ነው። በአንድ በኩል ያለው ጆሮ ሲዘጋ በሌላው በኩል ያለው አፍም ይዘጋል።

አገራችንን በስም የሚነካ ሌላ ታሪክ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 አለ። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሟልና በገንዘብ ቤቷ ሁሉ ላይ የሠለጠነው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት «ህንደኬ» የሚለው በዓባይ ሸለቆ ለነበሩት ለመርዌ ንግሥቶች የተሰጠ ማዕርግ እንደ ነበረ ያስረዳሉ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሰው ከጥንት ጀምሮ የራሷ አድርጋ ትቈጥረዋለች። እኛ ዛሬ የምንመለከተው የሰውየውን ሥራና ጠባይ ነው። ይህ ሰው የመንግሥት ባለ ሥልጣን ነው፤ ቍጥር የሚያውቅ፥ ሒሳብ የሚይዝ፥ ብዙ ኃላፊነት ያለበት ነው። በዛሬው አነጋገር የተማረ ሰው ነው። ጊዜ የለኝም ለማለት ከእርሱ የበለጠ ምክንያት ያለው አልነበረም። እርሱ ግን መንገዱን ለንባብ አዋለው። የሚያነበውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ነበረ ፊልጶስ በእግር ሮጦ ሲደርስ ሰማው።

ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ የሰጠው መልስ ለእኛ ለተማሮች ትልቅ ትምህርት ነው። የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይሆንልኛል አለና የመንገድ ዐቧራ ያለበሰውን እግረኛ በሠረገላው ላይ አጠገቡ አስቀመጠው። አለማወቁን መናገር አላሳፈረውም። በእኛ ክፍል ግን መምህሩ «ገብቷችኋል?» ሲል ሁላችን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ከክፍል ከወጣን በኋላ እርስ በርሳችን «አንተ ገባህ?» እንባባላለን። በሃይማኖትም ነገር እንዲሁ ነው። ቃሉ ሲነበብ ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማለን፤ ያልገባንን ግን ማንንም አንጠይቅም።

እንግዲህ ከመስማትና ከማስተዋል የሚቀጥለው ማድረግ ነው። ለዚህ የአባ እንጦንስን ታሪክ እናስታውስ። ታሪኩን የጻፈው ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። እንጦንስ በግብፅ የባለጠጋ ገበሬ ልጅ ነበረ። ወላጆቹ ሲሞቱ ዕድሜው 18 ወይም 20 ያህል ነበረ፤ ማለት በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ከብዙዎቻችን አይበልጥም። ታናሽ እኅትና 300 አሩራ፥ በዛሬው መስፈሪያ 80 ሄክታር ያህል ለም መሬት ቀረለት። ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፥ ሐዋርያት ሁሉን ትተው መከተላቸውን በመንገድ ያስብ ነበር። ሲገባ፥ ጌታ ባለጠጋውን ወጣት ያለህን ሽጠህ ለድኾች ስጥ ያለበት የማቴዎስ ወንጌል ይነበብ ነበር። እንጦንስ ቃሉን ለእርሱ እንደ ተነበበ አድርጎ ተቀበለው። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የቀረውን ሽጦ ለድኾች አደለ፤ ለእኅቱ ያኖረውንም ጥቂት ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ ሰጠ፤ እርስዋንም ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ መነነ።

ሁላችን እንመንን ለማለት ይህን አላመጣነውም። የምናስተውለው አንድ ነገር ነው። በዚያ ዕለት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ወንጌሉን የሰማው እንጦንስ ብቻ አልነበረም። ቃሉ አንድ ነው፥ አንባቢው አንድ ነው፥ ሰዓቱ አንድ ነው። ልዩነቱ በመንገድ ላይ ሲያስብ የመጣ ልብ በመኖሩና ከደጅ ሲወጣ አንድ ነገር የሚያደርግ እጅ በመኖሩ ነው። ዛሬ በቅዳሴያችን ዲያቆኑ ከጳውሎስ፥ ንፍቅ ዲያቆኑ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፥ ንፍቅ ቄሱ ከሐዋርያት ሥራ፥ ካህኑም ወንጌሉን ያነባሉ። አራት መልእክት ባንድ ጧት ይደርሰናል ማለት ነው። የየቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቢለያይም ቃሉ የማይነበብበት የጸሎት ቤት የለም። ከአራቱ አንዱን እንኳ ይዘን ወደ መኝታ ክፍላችን እንገባለንን?

ቃሉን በገዛ ቋንቋችን ለማንበብ የተከፈለውንም ዋጋ ማሰብ ይገባናል። የጐጃሙ ተወላጅ አቡ ሩሚ፥ አባ አብርሃም የሚባለው፥ በካይሮ ተቀምጦ 10 ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰው። ከዚያ ሥራ ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፥ መላው መጽሐፍ በ1840 ታትመው ወጡ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቻችን ያደግንበት ትርጉም ታተመ። ዛሬ ያ ሁሉ ድካም በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ስለዚህ መጽሐፍ አጣሁ፥ ቋንቋው አልገባኝም ለማለት ከእንግዲህ ምክንያት የለንም። የቀረን ጥያቄ የጊዜና የልብ ነው።

ስልክን ካነሣን አይቀር፥ በዘመናችን «መልእክት» የሚለው ቃል ራሱ የስልክ ቃል ሆኗል። «መልእክት ልኬልህ ነበር፥ አየኸው?» እንባባላለን። በንግግር መካከል፥ በትምህርት መካከል፥ አንዳንድ ጊዜም በጸሎት መካከል ኪሳችን ሲንቀጠቀጥ እጃችን ወዲያው ይሄዳል። ይህ የሚያስረዳው ልብ የማለት ኀይል እንዳላነሰን ነው፤ ኀይሉስ አለ፥ የተሰጠው ግን ቶሎ ለሚጮኸው ነው። ደግሞም በስልክ የተላከ መልእክት በተከፈተ ጊዜ መነበቡን ላኪው በትንሽ ምልክት ያያል፤ እኛም ከፍተን አይተን መልስ ሳንሰጥ እንተወዋለን። ብዙዎቻችን ከእግዚአብሔር ቃል ጋራ ያለን ግንኙነት እንዲህ ነው፤ ተነቧል፥ ነገር ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛው እንቅፋት ፍርሃት ነው። አንዳንድ ጊዜ የማንሰማው ስላልተነገረን ሳይሆን የሚነገረንን አስቀድመን ስለምናውቅ ነው። ከተጣላነው ጓደኛ ጋራ እንድንታረቅ፥ የተበደርነውን እንድንመልስ፥ የሰው ሥራ ገልብጠን የራሳችን አስመስለን እንዳናቀርብ የሚነግረን ድምፅ አለ። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጐቴ ነው አለች» ይባላል። እግዚአብሔር ስለ ወንድማችን ሲጠይቀን እኛ ስለ ጾማችን እንመልሳለን፤ ስለ ዕዳችን ሲጠይቀን ስለ መዝሙራችን እንነግረዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። «እግዚአብሔር ነገረኝ» የሚል ሁሉ እውነተኛ ነውን? አይደለም። በዚህ ቃል የሰው ገንዘብ ሲወሰድ፥ ልጃገረድ ስትታለል፥ በሽተኛ መድኃኒቱን ሲጥል በዘመናችን ሰምተናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ትንቢትን እንዳይንቁ፥ ነገር ግን ሁሉን ፈትነው መልካሙን እንዲይዙ ባንድ ትንፋሽ አዝዟል። የቤርያም ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ እንዲሁ አልዋጡትም፤ ነገሩ እንደዚሁ እንደ ሆነ መጻሕፍትን ዕለት ዕለት ይመረምሩ ነበር፤ መጽሐፉም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ ተጠራጣሪዎች ብሎ አልነቀፋቸውም። መመርመር የዘመናዊ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የሃይማኖትም ሥራ ነው።

በቅርብ ዘመን ከሆነው አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት ከጀመረ በኋላ፥ በጠበል እድናለሁ ብለው መድኃኒቱን ያቋረጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፥ ምእመናን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱንም እንዲወስዱ በግልጥ ተናገሩ። ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ከሚል አሳብ ጋራ ይስማማል። ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ክኒኑን ይዛ በየቀኑ ሰዓቱን የምታስታውሰው ነርስም መልእክተኛ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ከሰማይ ምልክት የሚጠብቅ ሰው በእጁ ላይ የተቀመጠለትን ሊጥለው ይችላል።

ስለዚህ ለመለየት ሦስት ጥያቄ ብንጠይቅ ይጠቅመናል እንላለን። አንደኛ፥ ይህ የሰማሁት ነገር እግዚአብሔርንና ባልንጀራን ከመውደድ ትእዛዝ ጋራ ይስማማልን? ሁለተኛ፥ እኔን ከፍ ከፍ የሚያደርግ ነው ወይስ ከእኔ አንድ ነገር የሚጠይቅ? ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ከነፋሱና ከምድር መናወጡ ከእሳቱም በኋላ ትንሽ የዝምታ ድምፅ በሰማ ጊዜ የተነገረው ውዳሴ አልነበረም፤ በዚህ ምን ታደርጋለህ የሚል ጥያቄና ወደ መጣህበት ተመለስ የሚል ሥራ ነበረ። ሦስተኛ፥ ለሌላ ሰው፥ ለመምህር፥ ለንስሐ አባት፥ ለታማኝ ጓደኛ ቢገለጥ ይጸናልን? በጨለማ ብቻ የሚኖር መልእክት ላኪው ያጠራጥራል።

አሁን ደግሞ ባለፈው ዓመት በአንድ የመኝታ ሕንፃ የሆነውን እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ ባለ ጉዳዩም እንድንናገረው ፈቅዶልናል። ከሩቅ ገጠር የመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረ፤ ዝምተኛ ነው፥ ከማንም አይጣላም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉን የሚያጸዱት እናት ከክፍል ጓደኞቹ አንዱን በደረጃ ላይ አስቆሙና፥ «ልጄ፥ ይኼ ልጅ ሳሙናውንም ባልዲውንም ለእኔ ሰጠኝ። ሰው ባልዲውን የሚሰጠው ሊሄድ ሲል ነው። ጠይቁት እንጂ» አሉት። በማግሥቱ ፈተና ነበረ። ልጁ ግን «እሺ እማማ» ብሎ ብቻ አልሄደም፤ በዚያው ማታ ደብተሩን አጥፎ ጓደኛውን ይዞ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። አባቱ ታመው ተኝተዋል፤ የእርሻ ወራት ደርሷል፤ ከእርሱ በቀር በሬ የሚጠምድ ወንድ በቤት የለም። ለማንም ሳይናገር በሌሊት አውቶቡስ ሊሄድ፥ ትምህርቱንም ለዘለዓለም ሊተው ቈርጦ ነበር። «የሰው ችግር ለሰው ምን ያደርጋል ብዬ ነው» አለ። በማግሥቱ ሁለቱ ከፈተናው በኋላ ወደ አንድ መምህር ሄዱ። መምህሩም ተማሮች «ዊዝድሮው» የምንለውን ቅጽ አስሞልተው በሕግ ትምህርቱን አቋርጦ እንዲሄድና በዓመቱ እንዲመለስ አደረጉ። ጓደኞቹ የመንገዱን ገንዘብ አዋጥተው ሸኙት። እርሻው ታረሰ፤ አባቱም ተሽሏቸዋል። ልጁም ተመልሶ ዛሬ ከእኛ ጋራ ይማራል። ባልዲውንም እኒያ እናት መልሰውለታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕልም የለም፥ ራእይ የለም። መልእክተኛይቱ የጽሕፈት ትምህርት ያልተማሩ ሴት ናቸው፤ ያነበቡትም ባልዲ ነው። ነገር ግን ሦስቱን ጥያቄዎች ብንጠይቅ ሁሉንም ያልፋል። ከፍቅር ትእዛዝ ጋራ ይስማማል፤ ከሰሚው የፈተና ዋዜማ ማታ ጠይቋል፤ ለመምህርም በተገለጠ ጊዜ ጸንቷል። ይህ ከእግዚአብሔር ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ የሚከራከር ይከራከር። ልጁ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲናገር አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የተራበውን ያበሉ፥ እንግዳውን የተቀበሉ፥ የታመመውን የጠየቁ ጻድቃን፥ ጌታ ሆይ መቼ አየንህ ብለው ይጠይቃሉ። ያላበሉትና ያልጠየቁትም እንዲሁ መቼ አየንህ ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች አላወቁትም! ስለዚህ በቀኝና በግራ የለያቸው ማኅተሙን ማወቅና አለማወቅ አልነበረም። አንደኛው ወገን ረኃብተኛውን ሲያይ አበላ፤ ሌላው ሲያይ አለፈ። እንግዲህ መልእክቱ ከእግዚአብሔር መሆኑን በእርግጥ እስክናውቅ ድረስ እንቈይ የሚል ሰው፥ የቀኝም ወገን እንኳ ያላገኘውን እርግጠኛነት ይጠብቃል ማለት ነው።

ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት በሥራ የሚውል ጥቂት ነገር እናሳስብ። አንደኛ፥ ቃሉ ሲነበብ ከሰማን በኋላ ብዙ ነገር ለመያዝ አንድከም፤ አንዲት ነገር ይዘን ከመሸ በፊት እናድርጋት። ሁለተኛ፥ ማታ ከመተኛታችን በፊት ስልካችንን አስቀምጠን ሩብ ሰዓት ያህል ዝም እንበል። ያን ጊዜ ራሳችንን የምንጠይቀው «ዛሬ ምን አየሁ?» ብለን ብቻ አይሁን፤ «ዛሬ ማን ወደ እኔ መጣ? ምንስ ጠየቀኝ?» እንበል። ሦስተኛ፥ ያልገባንን ለመጠየቅ አንፈር፤ ሠረገላ ላይ የተቀመጠው ባለ ሥልጣን ካላፈረ እኛ ምን ያሳፍረናል? አራተኛም፥ መልእክተኛውን በልብሱ አንመዝነው። ዘበኛው፥ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ፥ ከገጠር በሰው እጅ የሚላክልን የእናት ቃል፥ የመምህር ተግሣጽ፥ የታናሽ ወንድም ጥያቄ፥ ሁሉም ደጃችንን የሚያንኳኩ ናቸው።

ተመርቀን ስንወጣ አንዳንዶቻችን በቢሮ፥ አንዳንዶቻችን በሐኪም ቤት፥ አንዳንዶቻችን በትምህርት ቤት እንቀመጣለን። በየጠረጴዛችን ፊት ባለ ጉዳይ ይቆማል። ያን ጊዜ «ነገ ተመለስ» የምንለው ሰው ምናልባት ከሁሉ ትልቁን መልእክት ይዞ የመጣ ይሆናል። ልብ ማለትን ግን የዚያን ጊዜ እንጀምረዋለን ብንል አይሆንልንም፤ ሳሙኤል በልጅነቱ በሌሊት መነሣትን ስለ ለመደ ነው በተጠራ ጊዜ የተነሣው። ልምምዱ እዚሁ ነው፤ በዚሁ መኝታ ክፍል፥ በዚሁ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ፥ በዚሁ የፈተና ሳምንት።

እግዚአብሔር ለሁላችን የሚሰማ ልብና የማይዘገይ እጅ ይስጠን።